ዩኒቨርሲቲው አቤቱታሽን ካድበሰበሰው፦ በአሜሪካ ካሉት መንገዶች የቱ ለማን ይሻላል?

አሜሪካ ኮሌጅ የምትማር ልጅ ጾታዊ ጥቃት ደረሰባት። ደፍራ ለትምህርት ቤቱ ተናገረች። የመጣው መልስ «ጉዳዩን እየተመለከትነው ነው» የሚል ኢሜይል ብቻ ነው። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ነው፤ ያጠቃት ልጅ ዛሬም እሷ የምትማርበት ክፍል ይገባል። ቤተሰብ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን አልታሰረም?» ብሎ ነው። እሱ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው። እዚህ የማወራው ሰምቶ ዝም ስላለው፣ ወይም እያወቀ ስላድበሰበሰው ዩኒቨርሲቲ ነው።

ዩኒቨርሲቲን ተጠያቂ የማድረጊያ መንገዱ ብዙ ነው። ግን ሁሉም የሚሰጠው ነገር ይለያያል። አንዱ ዶርም ያስቀይርልሻል፤ ገንዘብ አያመጣም። ሌላው ዩኒቨርሲቲውን ሚሊዮኖች ያስቀጣል፤ ከዚያ ላይ አንድ ዶላር አይደርስሽም። ሌላው ካሳ ሊያስገኝ ይችላል፤ ዓመታት ግን ይበላል። ስለዚህ ጠበቃ ከመፈለግሽ በፊት «ምን እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ይህን ሴሚስተር በሰላም መጨረስ ነው? ትምህርት ቤቱ አሠራሩን እንዲቀይር ነው? የባከነው የትምህርት ክፍያና የሕክምና ወጪ ነው? ሰው ሁሉ በአንዴ ወደ ክስ ይሮጣል። በኔ አስተያየት ክስ ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያ እርምጃ መሆን የለበትም። የክሱ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚመሠረትበት ቀነ ገደብ፣ ግን ሌላውን ስትሞክሪም ይቆጥራል፤ ነገሩን የሚያወሳስበው ይሄ ነው።

ወንዶችም ይጠቃሉ፤ ሕጉም በጾታ አይለይም። «አንቺ» የምለው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህ ጽሑፍ የጠበቃን ምክር አይተካም።

የትኛውንም ብትመርጪ መጀመሪያ አንድ ኢሜይል

የነገሩ ሁሉ መሠረት በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የተባለው የፌዴራል ሕግ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። በተማሪ ብድርና ፔል ግራንት በሚባለው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ በኩል የሚመጣው ገንዘብም ስለሚቆጠር፣ ከጥቂቶች በቀር የግል ዩኒቨርሲቲዎችም በዚህ ሕግ ሥር ናቸው። ሕጉ የሚከላከለው «በዩናይትድ ስቴትስ ያለ ማንኛውንም ሰው» ነው። ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ ግሪን ካርድም አይጠየቅም።

ዩኒቨርሲቲ የሚጠየቀው ጥቃቱን አውቆ ተገቢውን ሳያደርግ ሲቀር ነው። ስለዚህ ወደየትም ብትሄጂ ሁለት ጥያቄ ይጠብቅሻል፦ ማን አወቀ? መቼ አወቀ? አሁን በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት ዩኒቨርሲቲው «አወቀ» የሚባለው ነገሩ ለታይትል ናይን አስተባባሪው፣ ወይም እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን ላለው ኃላፊ ሲደርስ ነው። ለምትወጂው አስተማሪ መንገር ላይበቃ ይችላል። ለካምፓስ የሥነ ልቦና አማካሪ ወይም ለክሊኒክ ሐኪም የነገርሽው ደግሞ ምስጢር ሆኖ ይቀራል። ምስጢርነቱ ጥሩ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው እንዲያውቅ ግን አያደርግም።

ስለዚህ ለአስተባባሪው በጽሑፍ አሳውቂ። ስሙና ኢሜይሉ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ መኖሩ ግዴታ ነው። ዝርዝሩን ሁሉ ማስፈር የለብሽም። ምን ዓይነት ነገር እንደደረሰ፣ መቼ፣ በማን፣ እና አሁን ምን እንደሚያስፈልግሽ ይበቃል። ቅጂውን ወደ ግል ኢሜይልሽ ላኪ፤ ከትምህርት ቤቱ ስትወጪ የተማሪ ኢሜይልሽ ሊዘጋ ይችላል። በስልክ ወይም በአካል ካነጋገሩሽ ደግሞ በዚያው ቀን «ዛሬ እንዲህ ተባብለናል» ብለሽ ጻፊላቸው። ከዚህ በታች ያሉት መንገዶች ሁሉ የሚቆሙት በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ነው።

ስለ አንቺ የተያዘውን ሰነድ የማየት መብትም አለሽ። ፈርፓ በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ከጠየቅሽ በ45 ቀን ውስጥ ሊያሳዩሽ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ከረፈደ ነው።

የዩኒቨርሲቲው የራሱ ሂደት

በዩኒቨርሲቲው ቅር ተሰኝቶ ተመልሶ ወደ ዩኒቨርሲቲው መሄድ ሞኝነት ይመስላል። ግን ፈጣን ነገር የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። ክፍል ማስቀየር፣ ዶርም ማስቀየር፣ የፈተና ቀን ማራዘም፣ እሱ እንዳያናግርሽ የሚከለክል ትእዛዝ፤ እነዚህ «የድጋፍ እርምጃዎች» ይባላሉ። በነጻ ናቸው፤ ለማግኘትም መደበኛ አቤቱታ ማስገባት አያስፈልግም። የትኛውም ፍርድ ቤት ወይም የፌዴራል ቢሮ በሳምንት ውስጥ ዶርም አያስቀይርልሽም።

መደበኛ አቤቱታ ፈርመሽ ካስገባሽ ምርመራ ይከፈታል፤ ከዚያ ችሎት መሰል ስብሰባ ይኖራል። አሁን የሚሠራው የ2020ው ደንብ ነው። በ2024 የወጣውን አዲስ ደንብ በኬንታኪ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት በጥር 2025 ሙሉ በሙሉ ሽሮታል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተጻፈ መመሪያ ካነበብሽ ተጠንቀቂ። በ2020ው ደንብ የሌላው ወገን አማካሪ መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቅሽ ይችላል። ይከብዳል። ከጠየቅሽ ግን በተለያየ ክፍል ሆናችሁ በቪዲዮ ይደረጋል። አማካሪ ከሌለሽም ዩኒቨርሲቲው ለዚያ ጥያቄ የሚቆምልሽ ሰው በነጻ ማቅረብ አለበት።

ሁለት ጉድጓዶች አሉ። አንደኛው፣ መደበኛ አቤቱታ ስታስገቢ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ላይ ያለሽ፣ ወይም ለመግባት የምትሞክሪ መሆን አለብሽ። ተመርቀሽ ወይም ተስፋ ቆርጠሽ ጥለሽ ከወጣሽ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛው፣ ደንቡ አሜሪካ ውስጥ ለተፈጸመ ነገር ብቻ ነው። ለአንድ ሴሚስተር ወደ ውጭ አገር በተላክሽበት የደረሰ ጥቃት አይሸፈንም። ከካምፓስ ውጭ ያለ የፍራተርኒቲ (የወንድ ተማሪዎች ማኅበር) ቤት ግን፣ ዩኒቨርሲቲው እውቅና የሰጠው ማኅበር ከሆነ ይሸፈናል።

ውሳኔው ካልጣመሽ ይግባኝ አለ። ደንቡ በግድ የሚያስፈቅደው በሦስት ምክንያት ነው፦ የሥርዓት ግድፈት፣ አዲስ ማስረጃ፣ ወይም የመርማሪው ወይም የወሳኙ ወገንተኝነት። «አላመኑኝም» ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ በሂደቱ ላይ ያየሽውን ግድፈት በየቀኑ መዝግቢ።

የፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ቢሮ

ኦሲአር ይሉታል። በፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ ቢሮ ነው። አቤቱታ ለማስገባት ገንዘብም ጠበቃም አያስፈልግም፤ ኦንላይን ቅጽ ነው። ወላጅ ወይም ጓደኛም ሊያስገባ ይችላል፤ አንቺ 18 ዓመት ከሞላሽ ግን ፈቃድሽን በፊርማ ይጠይቃሉ።

ቀነ ገደቡ አጭር ነው፦ 180 ቀን። የሚቆጠረው ዩኒቨርሲቲው ካጠፋው የመጨረሻ ጥፋት ነው። የዩኒቨርሲቲውን የውስጥ ሂደት ስትጠብቂ ካለፈብሽ፣ ሂደቱ ካለቀ በ60 ቀን ውስጥ አስገብተሽ ቀነ ገደቡ እንዲነሳልሽ መጠየቅ ይቻላል።

ጥሩ ጎኑ ዩኒቨርሲቲውን በሙሉ ማየቱ ነው። ያንቺን ፋይል ይዞ ይጀምርና የሌሎችንም ይከፍታል። በግንቦት 2014 ቢሮው በዚህ ጉዳይ የሚመረመሩ 55 ኮሌጆችን ስም ዝርዝር አወጣ። በዚያው ሰሞን ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ የፈረመውን ስምምነት «ፊርማዬን አንስቻለሁ» ብሎ ነበር። ቢሮው የፌዴራል ገንዘብ ጉዳይ መሆኑን ሲያስታውሰው በሳምንት ከምናምን ውስጥ ተመለሰ። ዩኒቨርሲቲን የሚያስደነግጠው ይህ ነው።

መጥፎ ጎኑ ጊዜው ነው። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ላይ በ2011 የተከፈተው ምርመራ ያለቀው በመስከረም 2015 ነው። በዚያ መሃል አንድ ተማሪ ገብቶ ይመረቃል። አሁን ደግሞ ብሷል። በመጋቢት 2025 መሥሪያ ቤቱ ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ከኦሲአር 12 የክልል ቢሮዎች 7ቱ ተዘጉ። የሜሪላንድን አቤቱታ ይይዝ የነበረው የፊላደልፊያው፣ የቴክሳሱ የዳላስ ቢሮ፣ የካሊፎርኒያው የሳን ፍራንሲስኮ ቢሮ ሁሉም ከተዘጉት ውስጥ ናቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢመላለስም ፋይሉ መከመሩ አልቀረም።

እናስ ይተው? እኔ አልልም። አቤቱታው ነጻ ነው፤ በቀኑ የተመዘገበ የመንግሥት ፋይል ይፈጥራል፤ ዩኒቨርሲቲው ቢበቀልሽ ደግሞ በቀሉ ራሱ ሌላ ጥሰት ነው። ብቻ ሁለት ነገር እወቂ። ኦሲአር ጋ ማመልከት የክሱን ይርጋ አያቆመውም። በተመሳሳይ ጉዳይ ክስ ከመሠረትሽ ደግሞ ኦሲአር ፋይሉን ይዘጋዋል። ሁለቱንም ማስኬድ የምትፈልጊ ከሆነ ኦሲአር ይቅደም።

ክለሪ፦ ገንዘቡ ላንቺ ባይሆንም

በ1986 በፔንሲልቬንያ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ጂን ክለሪ የተባለች ተማሪ ዶርሟ ውስጥ ተደፍራ ተገደለች። ወላጆቿ ታገሉ፤ በ1990 ኮሌጆች በካምፓሳቸው ስለሚፈጸም ወንጀል በይፋ እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ዛሬ ክለሪ አክት ይባላል። እያንዳንዱ ኮሌጅ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 የደህንነት ሪፖርት ያወጣል። ያንቺን ኮሌጅ ሪፖርት አሁኑኑ ፈልገሽ ማንበብ ትችያለሽ። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ዶርም በሚያድሩበት ካምፓስ አስገድዶ መድፈር «ዜሮ» ከተባለ እኔ የምጠረጥረው ቁጥሩን ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ከካምፓስ ውጭ በግል አፓርታማ የተፈጸመ ወንጀል በዚህ ሪፖርት አይቆጠርም።

ሕጉ በ2013 ሲሻሻል የተጎጂን መብቶችም ጨመረ። ጥቃት ስታሳውቂ መብትሽንና አማራጮችሽን የሚዘረዝር ጽሑፍ ሊሰጡሽ ይገባል። የውሳኔውንም ውጤት በጽሑፍ ታገኛለሽ። «ውጤቱን የምንነግርሽ ለማንም አልናገርም ብለሽ ከፈረምሽ ነው» ማለት አይችሉም። ዲሲ ያለው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ በ2004 የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ሕግ ጥሰሃል አለው። ዛሬም እንዲህ ያለ ወረቀት ካቀረቡልሽ አትፈርሚ፤ ፎቶ አንሺው።

የክለሪ አቤቱታ የሚታየው በዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ባለው የተማሪዎች ገንዘብ ዕርዳታ ክፍል ነው። ቅጣቱ ይቆረቁራል። ፔን ስቴት በ2016 ወደ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ሚሺጋን ስቴት በ2019 4.5 ሚሊዮን ተቀጣ። ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ በመጋቢት 2024 የተቀጣው 14 ሚሊዮን ሲሆን፣ እስከዚያ ከነበሩት ሁሉ ትልቁ ነው። ሊበርቲ ላይ ከተገኙት ጥፋቶች አንዱ ጥቃት የደረሰባቸውን ተማሪዎች በራሱ የሥነ ምግባር ደንብ መቅጣቱ ነበር። ያሳወቀችውን «መጠጥ ጠጥተሻል» ብሎ መቅጣት ማለት ነው።

ገንዘቡ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። በክለሪ ሕግ ራስሽ መክሰስም አትችዪም። ስለዚህ ይህ መንገድ የሚሻለው «እኔስ አልፎብኛል፤ ከኔ በኋላ የምትመጣዋን ግን እንዳይደብቁባት» ለምትል ሰው ነው።

ክስ

አሁን ወደ ከባዱ። በታይትል ናይን ዩኒቨርሲቲን በቀጥታ መክሰስ የሚቻለው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 ስለፈቀደ ነው፤ ካሳ የሚጠየቀው በ1992 ስለፈቀደ ነው። ግን በ1999 ዴቪስ በተባለው ጉዳይ መለኪያውን ከፍ አደረገው። አጥቂው ተማሪ ከሆነ ማሳየት ያለብሽ ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው በእርግጥ ያውቅ ነበር፤ እያወቀ ችላ አለ፤ ነገሩ ከባድና ተደጋጋሚ ከመሆኑ የተነሳ ትምህርትሽን ነጥቆሻል። «ችላ ማለት» ሲባል መሳሳት ወይም መዘግየት ብቻ አይበቃም። ያደረገው ነገር ከሚያውቀው አንጻር ፈጽሞ ምክንያታዊ ያልሆነ መሆን አለበት። ደካማ ምርመራ አካሂዶ የተሳሳተ ውሳኔ የሰጠ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መለኪያ ብዙ ጊዜ ያመልጣል።

የምትኖሪበት ቦታም ይወስናል። ከጥቃቱ በኋላ ሌላ ትንኮሳ ባይደርስብሽስ? ልጁን እንዳታገኚው ፈርተሽ ላይብረሪ መሄድ አቁመሽ፣ ከክፍል ቀርተሽ ብቻ ከሆነስ? ዴንቨርን በሚያጠቃልለው 10ኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2019 በካንሳስ ስቴት ጉዳይ «ይበቃል» ተብሏል። ኮለምበስ ኦሃዮን በሚያጠቃልለው 6ኛው ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በሚሺጋን ስቴት ጉዳይ «አይበቃም፤ ሌላ ትንኮሳ መኖር አለበት» ተባለ። ሁለቱም ከተሞች የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ናቸው፤ አንድ ዓይነት ታሪክ አንዱ ጋ ያስከስሳል፣ ሌላው ጋ ይወድቃል። ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ የሚሠራው 4ኛው ፍርድ ቤት በ2021 በፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ለተማሪዋ የሚያደላውን መንገድ ተከትሏል።

ገንዘቡስ? በዜና የምንሰማው ያሳስታል። ሚሺጋን ስቴት በ2018 500 ሚሊዮን ዶላር፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩኤስሲ) በተለያዩ ስምምነቶች ከ1 ቢሊዮን በላይ ከፍለዋል። እነዚያ ግን አጥቂው የዩኒቨርሲቲው ሐኪም የሆነበት፣ ተጎጂዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩበት፣ ዩኒቨርሲቲው ለዓመታት ሲነገረው የኖረበት ታሪክ ናቸው። ተማሪ ተማሪን ባጠቃበት ጉዳይ ቁጥሩ ሌላ ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2007 2.85 ሚሊዮን፣ ፍሎሪዳ ስቴት በ2016 950 ሺህ፣ ቴነሲ በዚያው ዓመት ለስምንት ሴቶች 2.48 ሚሊዮን ከፍለዋል። እነዚህም ዜና የሆኑት ትልልቅ ስለሆኑ ነው። በ2022 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሚንግስ በተባለ ጉዳይ በተመሳሳይ ሕጎች የሞራል ካሳ አይጠየቅም አለ፤ ብዙ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ይህን ወደ ታይትል ናይን አምጥተውታል። ስለዚህ የባከነ የትምህርት ክፍያ፣ የሕክምና ወጪ፣ የዘገየ ምረቃ፣ የቀረ ገቢ፤ ደረሰኝ ያለውን ሁሉ አስቀምጪ።

ዋጋው በገንዘብ ብቻ አይለካም። የዩኒቨርሲቲው ጠበቆች የሥነ ልቦና ሕክምና ማስታወሻሽን፣ የስልክ መልእክትሽን ሊጠይቁ ይችላሉ። ለሰዓታት ቃል ትሰጫለሽ። ስምሽ እንዳይወጣ «ጄን ዶ» ተብለሽ ለመክሰስ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚፈቅደው ዳኛው ነው። ቤይለር ዩኒቨርሲቲን በ2016 መክሰስ የጀመሩት 15 ሴቶች በስምምነት የጨረሱት በ2023 ነው። ሃያ ዓመቷ ላይ የጀመረችው ሃያ ሰባት ሞልቷታል።

ይርጋው በፌዴራል ሕጉ አልተጻፈም። በአካል ላይ ለደረሰ ጉዳት ለመክሰስ በየግዛቱ ከተቀመጠው ይርጋ ይወሰዳል። ሜሪላንድ፣ ዲሲና ዋሽንግተን ግዛት 3 ዓመት። ቨርጂኒያ፣ ጆርጂያ፣ ቴክሳስና ኮሎራዶ 2 ዓመት። ከዚህ ሌላ በግዛቱ የቸልተኝነት ሕግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን መክሰስ ከፈለግሽ አስቀድሞ የጽሑፍ ማስታወቂያ ማስገባት አለ፤ ሜሪላንድ 1 ዓመት፣ ኮሎራዶ 182 ቀን። ብዙ ጥሩ ጉዳይ የሚሞተው በዚህ ነው።

የጠበቃ ክፍያ ብዙ ጊዜ ከካሳው የሚቆረጥ ሆኖ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ካላሸነፍሽ የጠበቃ ዋጋ የለም፤ የባለሙያ ምስክርና የፍርድ ቤት ወጪ በማን እንደሚሸፈን ግን ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። ሌላም ጠይቂ፦ ታይትል ናይን ክስ ይዘህ ታውቃለህ? የመኪና አደጋ ጠበቃ ጎበዝ ቢሆንም ይህን ላያውቀው ይችላል። በማኅበረሰባችን ሬዲዮ ማስታወቂያ የምንሰማቸው አብዛኞቹ ደግሞ የመኪና አደጋና የኢሚግሬሽን ጠበቆች ናቸው።

ፖሊስ፣ ጋዜጠኛ፣ የምክር ቤት አባል

ፖሊስ አጥቂውን እንጂ ዩኒቨርሲቲውን አይጠይቅም። ሆኖም የፎረንሲክ ምርመራው ጊዜ የማይሰጥ ነገር ነው። ብዙ ቦታ እስከ 5 ቀን ድረስ ማስረጃ ይወሰዳል፤ ቀደም ማለቱ ይሻላል። ለፖሊስ ባታመለክቺም ምርመራው በነጻ ነው። የት እንደሚሠራ ለማወቅ ሬይን የተባለው የተጎጂዎች የእርዳታ መስመር በ800-656-4673 ቀንም ሌሊትም ይመልሳል።

ለጋዜጠኛ መናገር ዩኒቨርሲቲን ከሁሉ ፈጥኖ ያነቃዋል። ግን የልጁን ስም ማውጣት የስም ማጥፋት ክስ ሊያመጣብሽ ይችላል። ፌስቡክና ቲክቶክም ያው ነው። ከጠበቃ በፊት አይሁን። ኦሲአር ዝም ሲል ደግሞ የአካባቢሽ የፌዴራል ምክር ቤት (ኮንግረስ) አባል ቢሮ ፋይሉ የት እንደደረሰ ሊጠይቅልሽ ይችላል። አብዛኛው ሰው የማይጠቀምበት፣ ነጻ የሆነ ነገር ነው።

በኤፍ ዋን ቪዛ ላለች

ከአገር ቤት መጥተሽ በተማሪ ቪዛ ከሆንሽ አንድ አደጋ አለ። ጥቃቱ አድክሞሽ ኮርስ ብትጥዪ ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት በታች ትወርጃለሽ፤ ያኔ በተማሪነት አገር ውስጥ የመቆየት መብትሽ (ስታተስሽ) ይበላሻል። ኮርሱን ከመጣልሽ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄደሽ በሕክምና ምክንያት እንዲፈቅዱልሽ አድርጊ። የሐኪም ወይም የሳይኮሎጂስት ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ በአንድ የትምህርት ደረጃ በጠቅላላው እስከ 12 ወር ይፈቀዳል። ከፈቃዱ በፊት ከጣልሽ ማስተካከሉ በጣም ይከብዳል።

በክለሪ ሕግ የሚሰጥሽ ጽሑፍ የቪዛና የኢሚግሬሽን እርዳታ የት እንደሚገኝ ጭምር መናገር አለበት። ካልተናገረ ያ ራሱ አቤቱታ ነው። ዩ ቪዛ የሚባለውም አለ። የወንጀል ተጎጂ ሆና ከፖሊስ ጋር ለተባበረች ይሰጣል፤ አጥቂው መፈረዱ አያስፈልግም። በዓመት የሚሰጠው 10 ሺህ ብቻ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው። ማረጋገጫውን ብዙ ጊዜ የሚፈርመው ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ነውና፣ ይህን ካሰብሽ የፖሊሱን መንገድ ከመዝጋትሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሪ።

ሽማግሌ ሲመጣ

ሁለቱም ወገን አበሻ ሲሆን የሚመጣ ነገር ነው። የልጁ ቤተሰብ ቄሱን ወይም የታወቀ አባወራ ይዞ ይመጣል። «የልጅ ነገር ነው፣ ስማችን እንዳይጠፋ» ይባላል። ሽምግልና በቤተሰቦች መካከል ምን እንደሚያደርግ የናንተ ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ የለም፤ ጥፋቱም በሽማግሌ አይሰረይም። «ታርቀናል» የሚል ቴክስት ከላክሽ ወይም «ክሱን አንስቻለሁ» ብለሽ ከፈረምሽ ግን የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ፊት ለፊትሽ ያስቀምጠዋል። እናትና አባት እንግሊዝኛ ካላቀላጠፉ ደግሞ ዘመድ አታስተርጉሙ፤ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ።

እንግዲህ የቱ?

አሁን ትምህርት ላይ ካለሽና የምትፈልጊው ሰላም ከሆነ፣ ለአስተባባሪው ጽፈሽ የድጋፍ እርምጃ ጠይቂ። መደበኛ አቤቱታውን ለማስገባት ጊዜ ወስደሽ አስቢ፤ ግን ከመመረቅሽ በፊት ወስኚ።

ጽፈሽ ዝም ካሉሽ፣ ከዝምታው ቀን ጀምሮ 180 ቀኑን ቁጠሪ። ኦሲአር ጋ አስገቢ፤ የመብት ጽሑፍ ካልሰጡሽ ወይም ዝም በይ ብለው ካስፈረሙሽ ክለሪንም ጨምሪ። ሁለቱ አይጋጩም፤ ገንዘብም አይጠይቁም።

አጥቂው መምህር፣ አሠልጣኝ ወይም ሐኪም ከሆነ፣ ወይም ካንቺ በፊት ሌላ ሴት ስለዚያው ሰው ማመልከቷን ካወቅሽ፣ በቀጥታ ጠበቃ ፈልጊ። ዩኒቨርሲቲው አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ክስን ከሁሉ በላይ ያጠነክረዋል።

ዩኒቨርሲቲው መርምሮ «አልተረጋገጠም» ካለሽና ቅር ያለሽ በውሳኔው ብቻ ከሆነ፣ ክስ ጠባብ ነው። ይግባኙ ላይ አተኩሪ። ዩኒቨርሲቲዎች የተከሰሰው ወገንም እንደሚከሳቸው ስለሚያውቁ፣ የሥርዓት ግድፈት ላይ ያለው ነጥብ ሁሌም ያስጨንቃቸዋል።

ተመርቀሽ ወይም ትምህርቱን ጥለሽ ከወጣሽ፣ የውስጡ መንገድ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፤ 180 ቀኑም አልፎ ሊሆን ይችላል። የሚቀርሽ ይርጋው ካላለፈ ክስ፣ ካለፈም ክለሪ ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ለዩኒቨርሲቲው በፈርፓ መሠረት የራስሽን ፋይል መጠየቅ ነው፤ የቀድሞ ተማሪም መብቱ አላት።